የአክስቴ ጆሮና ዝምተኛው ማሽን

አክስቴ ሁለት ድምፅ አላት። አንደኛው የቤት ነው፤ "ማነው ደግሞ በሩን ሳይዘጋ የወጣ?" የሚለው። ሁለተኛው የሥራ ነው፤ "ሆስፒታል ነው፣ ምን ልታዘዝ?" የሚለው፤ እንደተተኮሰ ጨርቅ አንዲት ጭምድድ የለበትም። ልጅ እያለሁ ሁለቱ ካንድ ጉሮሮ ይወጣሉ ብዬ ማመን አቅቶኝ አንድ ቀን ከጎረቤት ስልክ ደወልኩና ድምፄን አጎርንኜ "ዋናውን ሐኪም ፈልጌ ነበር" አልኳት።

"አንቺ ቀልማዳ፣ ድስቱን ከእሳት ላይ አውርደሻል?" አለችኝ በቤት ድምፅዋ። ትንፋሽ ሳትወስድ ደግሞ ለሌላ ደዋይ "ይቅርታ ጌታዬ፣ መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁኝ" አለች። ድስቱ አሮ ነበር።

አክስቴ አታይም። ገና ዳዴ ስትል ነው ኩፍኝ ዓይኗን የወሰደው። ሰው ሲያዝንላት አትወድም። "ያላየሁት ነገር እንዴት ይናፍቀኛል?" ትላለች፤ ማዘኑን ካላቆመ ደግሞ "ይልቅ አንተ ዓይን እያለህ ካልሲህን ገልብጠህ ለብሰሃል" ትለዋለች። እንዴት እንዳወቀች አትጠይቁኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ነው የምትገምተው፤ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ሳያይ የቀረ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እናቴ ስትሞት ወደ እሷ መጣሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ትምህርቴን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታደርገኝና እሷም አብራኝ ትማር ነበር፤ ሒሳቡ ለሁለታችንም ባይሆንልንም እንደምንም ተጋግዘን አስራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ከዚያም እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ፤ አገባሁ፤ እዚያው አክስቴ ቤት ሆኜ ልጅ ወለድኩ። ልጄን ሚጢ ነው የምንላት። ስም አላት፣ ግን ከሷ ይረዝማል።

አክስቴ ስልክ ማዞር፣ ደዋይን ከሚፈልገው ክፍል ጋር ማገናኘት፣ የተማረችው ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወጥታ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እኔ ገና አልተወለድኩም። ሐኪሞቹን በሳላቸው፣ ነርሶቹን በእግራቸው ኮቴ ታውቃለች። ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ ጆሮ" ይላታል፤ እሷም ሳትኮራበት አልቀረችም። "ማዶ ስልኩ ሲነሳ ውስጤ ይነግረኛል" ትል ነበር፤ አዲስ ነርስ በመጣች ቁጥር ይህንኑ ትደግምላታለች።

የማዞሪያው ክፍል ለማያውቀው የዕቃ መጋዘን ይመስላል። ከደረጃው ሥር ነው፤ ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘቀዝቅ ረጅም ሰው ከገባ ግንባሩን ሳይመታ አይወጣም። አክስቴ አጭር ናትና "በልኬ የተሰፋ ክፍል" ትለዋለች። ቁልፎቹ ላይ ራሷ በሙጫ ጠብ ጠብ አድርጋ ምልክት ሠርታባቸዋለች፤ ለማዋለጃ አንድ ጠብታ፣ ለድንገተኛ ሁለት፤ ለአስተዳደር ግን "እሱ ሸካራ ይሁን" ብላ የክብሪት መጫሪያ ቁራጭ ለጥፋበታለች። ደዋይ ስታገናኝ ማዶ ስልኩ እስኪነሳ ቁልፉን ተጭና ትይዛለች፣ ሲነሳ ትለቀዋለች፤ እስክትለቀው ድረስ መስመሩ ለእሷ አይሰማም። ከጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተሩ አለ። ድሮ ነጭ ነበር ይላሉ፤ እኔ ሳውቀው ያጫሽ ጥርስ ቀለም ይዟል። ማራገቢያው እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ዲስክ ደግሞ አልፎ አልፎ፣ ሰው ደረቅ ቅጠል የረገጠ ይመስል፣ "ክርር" ይላል።

ምሳ ሰዓት ላይ የባሌ እህት ሚጢን ታመጣልኝና እዚያ ገብቼ አጠባታለሁ፤ በር የሚዘጋ ሌላ ክፍል የለማ። ስትጠግብ ከኮምፒውተሩ አጠገብ በተነጠፈው ብርድ ልብስ ላይ እናስተኛታለን። ቤት ውስጥ እንቅልፍን እንደ ጠላት የምታይ ልጅ፣ እዚያ ስትደርስ ድፍት ነው። የባሌ እህት ጉዳይዋን ጨርሳ እስክትመለስ አትንቀሳቀስም።

አንድ ረፋድ ላይ ከክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ቴክኒሻኑ እየሮጠ መጣ። ይህን ልጅ ሁላችንም "ብሎን" ነው የምንለው፤ የሸሚዝ ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሲራመድ እንደ በግ ቃጭል ይሰማል። ኮምፒውተሩን ፈትቶ ሆዱን እያየ ቆየና ተነፈሰ።

"እትዬ፣ ሽማግሌው ደክሟል።"

"ሽማግሌ የምትለው እኔን ነው ማሽኑን?"

"እርስዎማ ገና ሙሽራ ነዎት።"

"ውሸትህን ከብሎኖችህ ጋር ኪስህ ክተት። ይድናል?"

"ለትንሽ ቀን እጠጋግነዋለሁ፤ አይዘልቅም።" መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳን ጀመር። "ምድር ቤት ያለው ዋናው የስልክ ሳጥን፣ ሽቦው ሁሉ የሚነሳበት፣ ደህና ነው። የታመመው እሱን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ችግሩ፣ የስልኩ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይሄድም። እንደዚህ ካለ አሮጌ በቀር አያውቅም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አዲስ ኮምፒውተር አመጣና ውስጡ ልክ አሮጌውን ኮምፒውተር የሚያስመስል ነገር እከፍታለሁ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ከዚያ የአሮጌውን ዲስክ እንዳለ ገልብጬ እዚያ አስገባዋለሁ። የስልኩ ፕሮግራም የለመደው ቤቱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።"

"እንደ ሚጢ በላታ!" አልኩ። "እኛ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳትና ተሸክመን ወደ ራሷ እንወስዳታለን። ካልነቃች አታውቅም።"

"አየሽ፣ ገባሽ። ካልነቃ ነው ጨዋታው።"

"እኔንስ ማን ተሸክሞ ይወስደኛል?" አለች አክስቴ። ቀልዷ ነበር፤ ግን ጣቶቿ ቁልፎቹን እየዳበሱ ነበር።

ማሰቧ በከንቱ አልነበረም። አስተዳዳሪያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነገር ሲያይ ግን ልቡ ይሰረቃል። "ለማዋለጃ አንድን ይጫኑ፣ ለድንገተኛ ሁለትን ይጫኑ" የሚለውን አውቶማቲክ ድምፅ ለማስገባት ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል። የብሎንን ሐሳብ ሲሰማ "ጥሩ፣ ይሞከር" አለ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ ግን አውቶማቲኩን እናስገባለን። እትዬም ቢሆኑ በክብር ይረፉ።"

"ቤት ቁጭ ብዬ የማንን ስልክ ላዙር?" አለች አክስቴ ወደ ቤት ስንሄድ። "በማድ ቤትና በመኝታ ቤት መሃል ላገናኝ?" ሳቅን። ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ ስትገላበጥ ይሰማኝ ነበር።

ብሎን ቃሉን ጠበቀ። ዲስኩን ገለበጠ፤ አዲሱን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ነገር ናት፤ ማራገቢያ የላት፣ ጩኸት የላት። አሮጌው ወደ መጋዘን ተወሰደ። ብሎን የዘመድ ሠርግ ያለበት ይመስል ፀጉሩን ተቆርጦ መጥቶ ነበር። ሲከፍተው ያው የድሮው አረንጓዴ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አክስቴ ማዳመጫዋን እንደ ልማዷ አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ አድርጋ አንዱን ቁልፍ ተጫነች፣ ሌላውን ተጫነች፤ ሁሉም እንደ ድሮው በየድምፃቸው "ጢጥ"፣ "ጡጥ" አሉላት።

"ብሎኔ፣ ተባረክ! አልነቃም!" አለች። እኔም ወደ ካርድ ክፍሌ ሄድኩ፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ የማዋለጃዋ ሐኪም ደወለች። "እትዬ፣ ምነው መሃላችን ገቡ? ከበሽተኛዬ ባል ጋር እያወራሁ እኮ ነው።" ከዚያ ላቦራቶሪው። ከዚያ ፋርማሲው። አክስቴ ሰው ታገናኛለች፤ ሁለቱ ማውራት ሲጀምሩ "ይቅርታ፣ ስልኩ አልተነሳም፣ ትንሽ ይታገሱ" እያለች መሃላቸው ትገባለች። ባልገባች ጊዜ ደግሞ ያልተነሳ ስልክ ላይ ደዋዩን ጥላው ትሄዳለች።

በሳምንቱ ወሬው ኮሪደሩን ሞላው፤ "እትዬ ጆሮ፣ ጆሮ ጠቢ ሆኑ" ይላል። የአምቡላንሱ ሾፌር በበሩ አንገቱን አስግጎ "እትዬ፣ ትናንት ከሚስቴ ጋር ያወራሁትን እስቲ ጨርሰው ይንገሩኝ፤ እኔ ረስቼዋለሁ" አላት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ላንድ ሁለት ነበር የምትመልስለት። ያን ቀን ፈገግ ብላ ዝም አለች። እኔን የከነከነኝ ዝምታዋ ነው። የሰው ምሥጢር በመስመር ሲያልፍ ስንት ዓመት ኖራለች፤ አንድም ቀን ለእኔ እንኳ የማንንም ነገር አውርታልኝ አታውቅም።

ብሎን ደጋግሞ መጣ። ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልክ አዞረ፤ እንከን የለውም። "እንዲያውም ከድሮው ይፈጥናል" አለ ራሱን እያከከ። ምስኪን፣ የፀጉር ቁርጡ ሁሉ ፈረሰበት።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ አክስቴ ክርኔን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

"ስሚ። ድሮ ማዶ ስልኩ ሲነሳ አውቀው ነበር። እንዴት እንደማውቅ አትጠይቂኝ፤ አውቃለሁ፣ እጄም ይለቀዋል። አሁን ግን የተነሳውም ያልተነሳውም አንድ ሆነብኝ። ላረጋግጥ ብዬ ስገባ ሰው እያወራ አገኛለሁ።"

"ማሽኑ ነዋ፣ አክስቴ።"

"ማሽኑን ልጁ ሞክሮታል፤ ደህና ነው።" ትንሽ ሄድን። "ካርድ አውጪልኝ።"

"የምን ካርድ?"

"የጆሮ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ዓይኔን ሲወስደው ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውሰውም። ጆሮዬ ከሄደ ግን… ሚጢን በምኔ አያታለሁ?"

መንገዱ ላይ አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስ በትንፋሹ ታውቃለች።

ባግባቡ ካርድ አወጣሁላት፤ ተራዋንም ጠበቅን። የጆሮ ሐኪሙ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማዳመጫ አደረገላት፤ "ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ" አላት። በመስታወቱ ውጪ ቆሜ አየኋት። እጇ ይነሳል፣ ይነሳል፣ ይነሳል። እኔ ከደጅ ሆኜ ጸሎት እያደረስኩ ነው። ሲጨርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ ደግሞ አየውና ሳቀ።

"እትዬ፣ እኔ ራሴ እንዲህ አልሰማም። ኮሪደር ላይ የሚያሙዎትን ሁሉ ሳይሰሙ አይቀሩም።"

"እሱን እንኳ ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። ስንወጣ ግን እጄን ይዛ "ተመስገን! ተመስገን!" እያለች ደረጃውን እንደ ኮረዳ ወረደችው። ታች ስንደርስ ቆመች። "ቆይ፣ ጆሮዬ ደህና ከሆነ፣ ታዲያ ያበደው ማነው?"

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። አስተዳዳሪው ሐሙስ ዕለት ራሱ መጥቶ፣ ግንባሩን ጣሪያው ላይ መትቶ፣ "እትዬ፣ አላስቸግርዎት፤ ሰኞ አውቶማቲኩን እናስገባለን" አላት። "እሺ አለቃዬ" አለች በሥራ ድምፅዋ። እሱ ከወጣ በኋላ ከቁልፎቹ ላይ ያንን የክብሪት መጫሪያ ስትዳብሰው አየኋት።

የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ሚጢ መጣች። አዲሱ ማሽን ከገባ ወዲህ እሷም አስቸግራናለች፤ ትጠባለች፣ ትጠግባለች፣ ብርድ ልብሷ ላይ ስናስተኛት ግን ዓይኗን ታፈጣለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ጥርስ ሊያወጣት ነው ብዬ ነበር። ብሎን እዚያው መሬት ላይ ሽቦ እየፈተሸ ነው፤ እስከ ሰኞ ተስፋ አልቆረጠም። አክስቴ አንድ ደዋይ ለላቦራቶሪ እያገናኘች ቁልፉን ተጭና ይዛለች። ሚጢ ደግሞ ጣሪያውን ልትቀደው ነው።

"እሷ እንኳ ይህን ክፍል ጠላችው" አለ ብሎን።

"ጠልታው አይደለም፣ ጭር ብሎባት ነው" አልኩ። "ሽማግሌው ነበራ የሚያስተኛት።" ሚጢን አቅፌ እያወዛወዝኩ እንደ አሮጌው ማሽን ማጉረምረም ጀመርኩ። "እምምምም… እምምምም…" ልቅሶዋ ቀነሰ። ብሎን ሳቀ። እኔም ገፋሁበት፤ ጉሮሮዬን ፍቄ "ክርር!" አልኩ።

የአክስቴ እጅ ቁልፉን ለቀቀ።

 አክስቴ ጣቶቿን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

"ምን አደረግኩ?" አለች። "ለቀቅኩት። ለምን ለቀቅኩት? ገና አልተነሳም እኮ!" ቶሎ ደዋዩን መለሰችውና ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "እስቲ ድገሚው።"

"ምኑን?"

"ያንን። መጨረሻ ላይ ያልሽውን።"

"ክርር" አልኩ ቀስ ብዬ።

ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ብድግ አለች። ያየኋትን ነው የምነግራችሁ፤ ሐኪም ጉልበት ሲመታ እግር ብድግ እንደሚለው ነው።

ብሎን ከመሬት ሲነሳ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ መታ፤ ብሎኖቹም ተዘረገፉ። "ዲስኩ!" አለ። "እትዬ፣ ዲስኩ ነው! ማዶ ስልኩ ሲነሳ ፕሮግራሙ ጥሪውን ዲስኩ ላይ ይመዘግባል። ሲመዘግብ አሮጌው ዲስክ ክርር ይላል። አዲሱ ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅ አያወጣም! እኔ ስሞክረው ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ቀለም ሲቀይር እያየሁ ነው የምለቀው። ለርስዎ መነሳቱን የሚነግርዎት…"

"ሽማግሌው ነበር" አለች አክስቴ።

ሳቀች። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ። "ስንት ዘመን ሙሉ 'ውስጤ ይነግረኛል' እያልኩ ስጎርር! ለዚያች አዲስ ነርስ እንኳ ባለፈው ወር… ወይኔ ጉዴ! ለካ የሱ ውስጥ ነው!" ሚጢም ደስ ብሏት አብራት ጮኸች። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ያፈንኩትን ልቅሶ ያን ጊዜ ለቀቅኩት፤ ደስታ ነበርና ማንም አልከለከለኝም።

የቀረው የብሎን ሥራ ሆነ። ቨርቹዋል ማሽኑ ወደ ዲስኩ በጻፈ ቁጥር ድምፅ እንዲያሰማ ማድረግ ይቻላል አለ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላም አደረገው። የመጀመሪያው ድምፅ ግን የደወል ነበር፤ "ቲንግ"።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው? ማንኪያ ወደቀ?" አለች አክስቴ።

ቀየረው።

"አሁን ደግሞ ጫጩት ገባ። ብሎኔ፣ እኔ የማውቀው አንድ ድምፅ ነው፤ ዘመዱን አልፈልግም።"

ስለዚህ ዓርብ ዕለት አሮጌውን ከመጋዘን አወጣነው። ብሎን ከሌላ ማሽን የኃይል መስጫ ፈትቶ ገጠመለት። "ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ከዚህ በኋላ ይረፍ" አለ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ የሚወጣ የሚወርደውን ሁሉ አፌ ላይ ጣቴን አድርጌ ዝም አሰኛለሁ፤ ዋናው ሐኪም እንኳ በጫማው ጫፍ ነው ያለፈው። ውስጥ ማራገቢያው አጉረመረመ። ዲስኩ "ክርር" አለ። ብሎን በስልኩ ቀዳው። ማጉረምረሙንም ለሚጢ ብሎ ለብቻው ቀዳላት።

ሰኞ ጠዋት አስተዳዳሪው ከመምጣቱ በፊት አክስቴ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ የተተኮሰ ሻሿን አሥራለች። ስልኩ ጮኸ። ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ አስተዳዳሪው፣ ከውጭ፣ ድምፁን ለወጥ አድርጎ "ማዋለጃ ክፍል ፈልጌ ነበር" አለ። ከቀልማዳዋ ልጅ ዘመን ጀምሮ ይህን ዘዴ የምታውቅ ሴት እኮ ናት።

"በደስታ፣ አለቃዬ" አለችና አገናኘችው። ከትንሿ ጥቁር ኮምፒውተር ጎን ካለው ድምፅ ማጉያ "ክርር" ወጣ። እጇ ለቀቀ። ማንም መሃል አልገባም። ቀጥሎ ላቦራቶሪ፤ ክርር። ፋርማሲ፤ ክርር። ድንገተኛ አልተነሳም፤ ክርር የለም፤ ወዲያው ወደ ደዋዩ ተመለሰች። ረፋዱን ሁሉ እንዲያ ዋለ። የአምቡላንሱ ሾፌር ሲደውል እንኳ "ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ ባለፈው ስልኩን የዘጋችብህ እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም" አለችው። ያኔ አክስቴ እንደተመለሰች አወቅኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚጢ ጠግባ፣ ከተቀዳው ማጉረምረም አጠገብ ድፍት ብላለች። አስተዳዳሪው መጣ፤ ያንኑ ግንባሩን ያንኑ ጣሪያ ላይ መታ።

"እትዬ" አለ ግንባሩን እያሻሸ፣ በሹክሹክታ፣ ሕፃኗን አይቶ። "አውቶማቲኩ ለጊዜው ይቆይ።"

"ጊዜው እስከ መቼ ነው?"

"እርስዎ እስኪሰለቹ።"

"እንግዲህ ጣሪያውን ከፍ ያስደርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይመላለሱበታል" አለችው። ሳቀና ወጣ። የኮሪደሩ ጫጫታ ተከትሎት ገባ።

"ማነው ደግሞ በሩን ሳይዘጋ የወጣ?" አለች አክስቴ በቤት ድምፅዋ።

አስተዳዳሪው ተመልሶ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሚጢ አልነቃችም።